ብሩ ደረሰ፣ ቃሉ ቀረ

«ተምረሽ ተምረሽ መጨረሻሽ አቧራ መርገጥ ሆነ?» አሏት እናቷ ወይዘሮ ዓለምብርሃን፣ ሠርክአዲስ ለመጀመሪያ ቀን ወደ ገጠር ስትነሣ። ሠርክአዲስ ሳቅ ብላ ጉንጫቸውን ሳመችና ወጣች።

እናትየዋ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስማቸውን የማያውቅ የሌለ የበርበሬ ነጋዴ፣ የአቶ ክንፈሚካኤል፣ አንድያ ሴት ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ተምራ ስትመለስ «የአባቷን መጋዘን ትረከባለች» ሲባል፣ እሷ ሄዳ የገጠር ሴቶች ገንዘባቸውን በስልክ እንዲይዙና እንዲልኩ በሚያስተምር አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጠረች። የደረሳት ቦታ ደግሞ ወምበርማ ወረዳ ውስጥ፣ ከሽንዲ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ፣ ዝግባ ሜዳ የሚባል ቀበሌ ሆነ።

ለዝግባ ሜዳ ሰው የስልክ ገንዘብ የቅንጦት ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት እማማ ደስታነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ቡሬ ገበያ ወይፈን ሸጠው፣ ብሩን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ሲመለሱ፣ ሦስት ሰዎች ጥሻ ውስጥ ጠብቀው መቀነታቸውን ከነብሩ ፈተው ወሰዱባቸው። «ብሩስ ይሂድ፤ የሴት መቀነት መንገድ ላይ ይፈታል?» እያሉ ሳምንት ሙሉ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ አገሬው ገንዘብ ይዞ መንገድ መውጣት ፈራ። ሽጦ መመለስ፣ ከመሸጥ ይልቅ ከባድ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ግን ለሠርክአዲስ ውርደት ነበር። ሃያ ሦስት ሴቶች በቀበሌው የእህል መጋዘን ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ እሷ ያን የምትሳሳለትን ትልቅ ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ከተማ ሳለች ስታለማምደው የከረመችው መተግበሪያ እዚህ አልከፍት አለ። ኢንተርኔት የለም። ስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ብቻ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ሲመለከቱ ቆዩና በመጨረሻ እማማ ደስታነሽ፣

«ልጄ፣ ይች ወፍጮ የምትፈጨው እህል አላት ወይስ ባዶዋን ነው የምትዞር?» አሉ።

ሳቁ መጋዘኑን አናጋው። ሠርክአዲስም ጆሮዋ እስኪቀላ አፈረች፤ ግን ከሳቁ ጋር አብራ ሳቀችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እውነትዎን ነው እማማ፤ ይች ወፍጮ ለዚህ አገር አትሆንም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ሌላ መንገድ አለ። የእናንተው ባለቁልፍ ስልክ ይበቃል። ኮከቧን ትነካላችሁ፣ ቁጥሯን ትጽፋላችሁ፣ በመሰላሏ ትዘጋላችሁ፤ ከዚያ ስልኩ ራሱ ይጠይቃችኋል።»

መንገዱስ ነበረ። ችግሩ፣ ስልኩ የሚጠይቀው በጽሑፍ ነው፤ ለመላክ አንድን፣ ቀሪን ለማየት ሁለትን ንኩ እያለ ይዘረዝራል። ከሃያ ሦስቱ ሴቶች ፊደል የሚለዩት አራቱ ብቻ ነበሩ። ሠርክአዲስ ደጋግማ አስረዳች፣ ደጋግመው ረሱ። ፀሐይዋ ዞራ ጥላው ሲያልቅ ተስፋዋም አብሮ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ይኼኔ ከኋላ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋቢ የደረበ፣ ዕድሜው ሠላሳ የሚሆን፣ ዓይኑ ከመናገሩ በፊት የሚናገር ጎልማሳ ነው።

«መምህርት፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልበል?»

ዳኘው ነበር፤ የእማማ ደስታነሽ ልጅ። እናቱ «ብቻዬን አልሄድም» ብለው ጎትተው ያመጡት ነው። አምስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ፣ መምህሩ «ይህ ልጅ ሩቅ ይሄዳል» ያሉለት፤ አባቱ ሲሞት ግን ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻ የተመለሰ።

«ይበሉ» አለችው ሠርክአዲስ።

«እናቶቻችን ማንበብ ባይችሉም መስማት ይችላሉ፤ የሰሙትን ደግሞ አይጥሉም» አለና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ዜማ እየሰጠ፣

«ከኮከብ ተነሥተሽ መሰላል ላይ ድረሽ፣
ባንድ ትልኪያለሽ፣ በሁለት ያው ቀሪሽ» አለ።

አንዷ ደገመችው፤ ሌላዋ ተቀበለች። ሠርክአዲስ ልቧ ዘለለ። «የምስጢር ቁጥሩስ? አራቱን ቁጥር ለማንም መንገር እንደሌለባቸውስ?» ስትለው፣ ዳኘው ወደ እናቱ ዞረና፣

«እሱማ ቀላል ነው። ምስጢር ለጓዳ እንጂ ለጓደኛ አይነገርም» አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሠርክአዲስ ስትመለስ፣ ሴቶቹ ያችን ግጥም እየተቀባበሉ መጋዘኑ ሥር ደረሱ። ያን ዕለት እሷ ሁሉንም ሴቶች እያየች ታስተምር ነበር፤ ዓይኗ ግን በየመሀሉ ሳታዘው ወደ ኋላው ግድግዳ ይሄድ ነበር። ሄዶም ባዶውን አይመለስም።

* * *

ዝግባ ሜዳ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ የሚያስወጣ ጉብታ። ስለዚህ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም እየተከታተለ ለልምምድ ወደዚያ ይወጣል። የሠርክአዲስን ቦርሳ ዳኘው ይይዛል፤ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አንድ ቀን አቀበቱ ላይ እግሯ አዳለጣት። «ተጠንቀቂ!» ብሎ ክንዷን ያዘ። ከዚያ ደነገጠ፤ ክንዷን ስለያዘ ሳይሆን «አንቺ» ስላላት። ሁለት ወር ሙሉ «እርስዎ» ሲባባሉ ነበር።

«ይቅርታ መምህርት፣ ከአፌ…»

«አፍህ ደግ ሠራ» አለችው። እሷም «አንተ» አለችው ማለት ነው። ከዚያ እስከ ጉብታው ጫፍ ሁለቱም አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ እንደዚያ የተጨዋወቱበት ቀን ግን አልነበረም።

ሴቶቹ ስልካቸውን ወደ ሰማይ እያነሡ ሲለማመዱ፣ ዳኘው የራሱን አሮጌ ስልክ ይዞ ጠጋ አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«መምህርት፣ ኮከቧንስ አየናት። መሰላሏን ከየት እናምጣ?» አላት።

«ከዜሮዋ በስተቀኝ ነዋ» አለች ሠርክአዲስ፣ ቁልፏን በጣቷ እያሳየችው።

ዳኘው ፈገግ ብሎ «እሺ» አለና ተመለሰ። ሠርክአዲስም አመሻሽ ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ቡሬን አልፋ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትቃረብ፣ የጠየቃት ስለ ስልክ ቁልፍ እንዳልነበረ ድንገት ገባት። ኮከቧ እሷ ነበረች። መሰላል የሌለው እሱ። «እመቤቴ ድረሽ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «አመመሽ እንዴ ልጄ?» አሏት። «አዎ» አለች፤ መታመምም እንዲህ ደስ እንደሚል ያን ዕለት አወቀች።

ሳምንቱን ሙሉ መልስ ስትፈልግ ከርማ፣ ሐሙስ ጉብታው ላይ፣

«የባለፈው ጥያቄህን አስቤበት ነበር። መሰላል ከላይ አይወርድም፤ ከታች ተሠርቶ ነው የሚቆም» አለችው።

ዳኘው አቀረቀረ። «እንጨት የሚያቀብል ካለ» አላት።

እሱ ስለ አባቷ መኪኖች፣ ስለ አባቷ ስም እያሰበ እንደሆነ ገብቷታል። እሷ ግን በዚያች ሰዓት የምታስበው ስለ እጆቹ ብቻ ነበር።

* * *

በሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ መሬቱን አለስልሶ ሰው ሁሉ ለእርሻ ሲነሣ፣ መንገድ ተዘጋ። መኪና ከቡሬ ወደ ሽንዲ መሄድ አቆመ። ሠርክአዲስ ሐሙስ መጣ ሐሙስ ሄደ እያለች ፍኖተ ሰላም ተቀመጠች። አንድ ቀን ስልኳ ጮኸ። እማማ ደስታነሽ ነበሩ፤ ራሳቸው ጉብታው ላይ ወጥተው፣ ራሳቸው ደውለው።

«ልጄ፣ በሬያችን ቦራ ሞተብን። ትናንት ደኅና ውሎ፣ ዛሬ ጥዋት ከበረቱ አልነሣ አለ። ጓዱ ብቻውን ቀርቶ ሲጮህ ይውላል። ዳኘው እህል አልበላም ብሏል።» ድምፃቸው ተቆራርጦ ጠፋ።

በእርሻ ወቅት ከጥማድ በሬ አንዱን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የነጋዴ ልጅ ብትሆንም ታውቃለች። ሠርክአዲስ ከተቀጠረች ጀምሮ ከደመወዟ ያጠራቀመችው አርባ አምስት ሺህ ብር ነበራት። አላመነታችም፤ በስልኳ ሁሉንም ለዳኘው ላከችለት። ከዚያ ተቀምጣ መልእክት ጻፈች። አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ሰረዘችው። በአምስተኛው ግን ልቧን ሳታስቀር አሰፈረችበት፤ አንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ ለወንድ ጽፋ የማታውቀውን፣ እሷም ለማንም እጽፋለሁ ብላ ያላሰበችውን። ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

መልስ ጠበቀች። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ልቧ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየተነሣ፣ ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር እየተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን መልእክት ገባ። «ከዳኘው አርባ አምስት ሺህ ብር ተቀብለዋል» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። አንዲት ቃል የለችም። የሚላክበትን የአገልግሎት ክፍያ ሳይቀር ከራሱ ኪስ ችሎ፣ ከላከችው ላይ ሳንቲም ሳያጎድል መልሶታል። ሠርክአዲስ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው፤ ልቧን ላከችለት፣ እሱ ደግሞ አጥፎ መለሰላት። ደውላ ልትጠይቀው አሰበች፤ እፍረቷ እጇን ያዘው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፋ መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ ምን ብላ ትጠይቅ? ያን መልእክት ከስልኳ አጠፋችው። ማጥፋት አንድ ቁልፍ መንካት ነበር፤ ያመማት ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከባሕር ዳር የአንድ መሐንዲስ ቤተሰብ ሽማግሌ እንልካለን ብለው ነበር። ወይዘሮ ዓለምብርሃን ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ ጨዋ ነው። ለሐምሌ አምስት ይመጣሉ። ምን ትያለሽ?» አሏት።

ሠርክአዲስ በመስኮቱ ዝናቡን ታይ ነበር።

«እንደ ወደዳችሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ፣ ከውስጧ ሌላ አንድ ነገር አብሮ የወጣ መሰላት።

* * *

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ለጥቂት ቀን ጋብ ብሎ መንገዱ ተከፈተ። የፕሮጀክቱም ጊዜ አብቅቶ የመጨረሻው ፈተና ብቻ ቀረ። ሠርክአዲስ ዝግባ ሜዳ የሄደችው ልትሰናበት ነው። ሃያ ሦስቱም ሴቶች ጉብታው ላይ ወጡ፤ ፈተናው እያንዳንዷ ያለ ማንም እርዳታ አሥር ብር እንድትልክ ነበር።

ዳኘው ዘግይቶ መጣ። ቁምጣው ጭቃ ነክቶታል። አንዱን በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ ለጎረቤቱ ተራ ሲደርስ እየለቀቀ፣ ግማሹን ማሳ እንኳ ገና አላረሰም።

«እንደምን ዋሉ መምህርት» አለ።

«እርስዎ» ተመለሰች። ሠርክአዲስ ነፋስ እንደመታት ሰው ራሷን ሰብሰብ አደረገች። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ሰነበቱ» ብላ ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዞረች።

የእማማ ደስታነሽ ተራ ደረሰ። ግጥሟን በሹክሹክታ እያሉ፣ ከኮከብ ተነሥተው መሰላል ላይ ደረሱ። «ለልጄ ነው የምልክ» ብለው የዳኘውን ቁጥር በቃላቸው አስገቡ። አራቱን የምስጢር ቁጥር ሲጽፉ ነጠላቸውን ስልኩ ላይ ጣል አድርገው ሸፈኑት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ላክሁ!» አሉ።

ሁሉም ወደ ዳኘው ዞሩ። ዳኘው ስልኩን አየ። «አልደረሰኝም» አለ።

የእማማ ደስታነሽ ፊት ሲለዋወጥ ሠርክአዲስ አየች፤ ያ መቀነታቸው የተፈታ ቀን ተመልሶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

«ብሬ የት ሄደ? ይኼም ይዘርፋል እንዴ?»

ስድስት ወር የተለፋበት እምነት ሁሉ በዚያች አሥር ብር ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ሠርክአዲስ ፈጠን ብላ እጇን ዘረጋች። «ስልክዎን ይስጡኝ» አለችው ዳኘውን።

አሮጌው ስልክ እጇ ገባ። በላይኛው ጥግ አንዲት ትንሽ ፖስታ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ይች ፖስታ እንዲህ ማለት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ከሰኔ መግቢያ ጀምራ ነው። ብርሃኗ የተበላሸ መስሎኝ።»

«አልተበላሸችም። መልእክት ማስቀመጫው ሞልቶ ነው። ቦታ ስለሌለ አዲስ መልእክት መግባት አይችልም። ብሩ ግን ገብቷል፤ እማማ፣ ብርዎ አልጠፋም።» ማስቀመጫውን ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች የማስታወቂያ ጋጋታ ነው፤ ዕጣ ቁረጡ፣ ጥቅል ግዙ፣ ተሸለሙ። ከሁሉም በላይ፣ መጨረሻ የገባው፣ «ከሠርክአዲስ ክንፈሚካኤል አርባ አምስት ሺህ ብር ተቀብለዋል» የሚል ነበር። ከእሱ በኋላ ምንም የለም።

የሠርክአዲስ ጣት ቁልፉ ላይ ቀዘቀዘ። አንዲት ቦታ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ያችን ቦታ ብሩ ያዛት። ደብዳቤዋ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

እንደ ምንም ራሷን ይዛ ማስታወቂያዎቹን ሰረዘች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ «ከደስታነሽ አሥር ብር ተቀብለዋል።» ጮክ ብላ ስታነበው ጉብታው በእልልታ ተናወጠ። እማማ ደስታነሽ መሬት ስመው ተነሡ። ሠርክአዲስም ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ሌላ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ስልኩ ግን ከዚያ በኋላ አልጮኸም። ሦስት ሳምንት የቆየ መልእክት ጊዜው አልፎበት ጠፍቷል፤ ይህን ለሴቶቹ ያስተማረችው ራሷ ነበረች።

እማማ ደስታነሽ የልጃቸውን ፊት አዩ፣ የመምህርቷን ፊት አዩ። ከዚያ ሰማዩን፤ ሰማዩ ጠርቷል።

«ኑ እንውረድ እናንተ፣ ዝናብ መጣ!» አሉ።

«የት ያለ ዝናብ…» ልትል የጀመረችውን አንዷን በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ ሁሉንም ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

* * *

«ዳኘው» አለች ሠርክአዲስ። «ብሩን የላክሁልህ ዕለት ደብዳቤም ልኬልህ ነበር።»

«የምን ደብዳቤ?»

«በስልክ ነው የጻፍሁልህ። ረዥም ነበር። ብሩ ደረሰ፣ ቃሉ ቀረ። ቦታ አላገኘም።»

ዳኘው ፈዝዞ ስልኩን አየ፤ ቀጥሎ እሷን። «እኔ እኮ ያን ዕለት እዚችው ቆሜ ጠብቄ ነበር። ብሩ መጥቷልና ቃል ይከተለዋል ብዬ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆየሁ። በማግሥቱም መጣሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ‘አዝናልኝ ነው’ አልሁ። ‘የሀብታም ልጅ ናት፣ ደሃ አይታ አዘነች፤ ከዚያ በላይ ያሰብሁት የራሴ ሞኝነት ነው’ አልሁ። እኔ ደሃ ነኝ ሠርክአዲስ፤ ከማንም በላይ ግን አንቺ እንድታዝኝልኝ አልፈልግም። ለዚህ ነው የመለስሁት።»

«ሳንቲም ሳታጎድል።»

«ሳንቲም ሳላጎድል።»

«አንዲት ቃል ሳትጨምር።»

«ቃል ብጀምር ሌላ ነገር እንዳልናገር ፈርቼ ነው።»

ነፋሱ ሣሩን አስተኛው፤ ከታች የሴቶቹ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ዳኘው አንድ እርምጃ ቀረብ አለ።

«ምን ይል ነበር ደብዳቤው?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ከስልክሽ አጥፍተሽው ይሆናል። ከልብሽስ?»

ሠርክአዲስ ለመሸሽ ቦታ ፈለገች። ጉብታው ላይ ሰማይ እንጂ ሌላ የሚያስጠጋ አልነበረም። መጻፍ ቀላል ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ይላካል። አሁን ግን የሚያያት ሰው ፊት ለፊቷ ቆሟል። እጇን ለእጇ አያያዘች።

«‘ይህ ብር እርዳታ አይደለም፤ ብድርም አይደለም’ ነበር የሚል» አለች። «‘አንተ ዘንድ አንድ በሬ ቀርቷል፤ ሁለተኛውን እኔ ላምጣ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች ምን ያደርጋሉ?’ ነበር የሚል።»

ዳኘው ቅኔ አምስት ዓመት ተምሯል፤ ይህን ለመፍታት ግን የገበሬ ልጅ መሆን ብቻ ይበቃ ነበር። በጎጃም ምድር በሬ ያነሰው ከበሬ ያነሰው ጋር ተጣምሮ፣ የአንዱን በሬ ከሌላው በሬ ጋር ጠምዶ ክረምቱን ያልፋል።

«መቀናጆ ይሆናሉ» አለ።

«አዎ። እንደዚያ ነበር የሚል። ‘መቀናጆ እንሁን። ለአንድ ክረምት አይደለም፤ ዕድሜያችንን።’» ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም። እንባዋ መጣ።

ዳኘው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ።

«ይህንን ነው እኔ በሦስት ቀን የመለስሁት?»

«እኔም አንተን በሦስት ሳምንት ልመልስህ ነበር» አለችና የሐምሌ አምስቱን ነገረችው። መሐንዲሱን፣ የእናቷን ደስታ፣ ሁሉንም።

ዳኘው ብድግ አለ። «እሺ ብለሻል?»

«‘እንደ ወደዳችሁ’ ብያለሁ።»

«እሱ እሺ አይደለም።»

«እምቢም አይደለም» አለች አቀርቅራ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ሽማግሌ ልላክ። የቤተ ክርስቲያኑን አለቃ፣ አጎቴን…»

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልናገር። አባቴ ነገሬን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማ ይሰበራል።»

ዳኘው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በዝግታ እጇን ያዘ። መዳፉ ሻካራ ነበር፤ ሞፈርና ድግር የጻፈበት። ሠርክአዲስ ስንት ወር ሙሉ ያሰበችው እጅ ነው። በዚያች ጉብታ ላይ ብዙ ሰው ለኔትወርክ ወጥቶ ያውቃል፤ እነሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ረስተው ተሰማሙ።

* * *

በማግሥቱ ጥዋት አቶ ክንፈሚካኤልን መጋዘን ውስጥ አገኘቻቸው። ሠራተኞቹ በርበሬ ይመዝናሉ፤ አየሩ ያስነጥሳል። እናቷም ቁርስ ይዘው መጥተው ከጎን ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ለሐምሌ አምስት የሚመጡት ሰዎች እንዳይመጡ ይንገሩልኝ።»

ወይዘሮ ዓለምብርሃን የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። አቶ ክንፈሚካኤል ግን መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ማጽዳት ጀመሩ፤ ሲጨንቃቸው እንዲህ ናቸው።

«ሌላ ሰው አለ?»

«አለ። ገበሬ ነው። ወምበርማ፣ ዝግባ ሜዳ።»

«ገበሬ!» አሉ እናቷ። «ገበሬ አልሽኝ?»

«አንቺ ቆይ» አሏቸው አቶ ክንፈሚካኤል። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መሬት?»

«አምስት ጥማድ።»

«በሬ?»

«አንድ።»

«ባንድ በሬ ይታረሳል?»

ሠርክአዲስ ትንፋሿን ሳበች። «አንዱ የእኔ ነው።»

ሠርክአዲስም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ቦራ፣ ስለ ብሩ፣ ስለ ሞላው ስልክ። የልቧን ነገር ስትዘል እሳቸው እንዳላወቁ ሆነው አለፉላት። ብሩ መመለሱን ስትነግራቸው ግን እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። በሬው ሞቶበት፣ በእርሻ ወቅት፣ አርባ አምስት ሺህ ብር እጁ ገብቶ መለሰው?»

«አዎ።»

«ሙሉውን?»

«የአገልግሎት ክፍያውን ከኪሱ ችሎ።»

አቶ ክንፈሚካኤል መነጽራቸውን አጠለቁ። ለረዥም ጊዜ የበርበሬውን ክምር ሲያዩ ቆዩ።

«ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የወሰደ አይቻለሁ፣ የካደ አይቻለሁ። እንዲህ አድርጎ የመለሰ ግን አላጋጠመኝም።»

«ክንፈ!» አሉ ወይዘሮ ዓለምብርሃን። «አንድ በሬ ያለው ሰው እኮ ነው!»

«እኔ አንቺን ሳገባ ስንት ነበረኝ?»

ወይዘሮ ዓለምብርሃን ፊታቸውን አዙረው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሠርክአዲስ ጠጋ ብላ ትከሻቸውን አቀፈች፤ አልገፏትም።

«ሽማግሌ ይላክ» አሉ አባቷ። «ሰውን ሳያዩ እሺ አይባልም። እሱም አብሮ ይምጣ፤ ፊቱን ልየው። ለባሕር ዳሮቹ እኔ እነግራለሁ።» ይህን ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሠራተኞቹን ጠሩ፤ ዓይናቸውን ልጃቸው እንዳታይባቸው።

ሠርክአዲስ በመጋዘኑ ጓሮ በኩል ወጥታ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆመች። የዳኘውን ቁጥር ነካች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለ ስልኩ። ሜዳው ላይ ነው፤ ያርሳል። አመሻሽ ላይ በሬዎቹን ፈትቶ ጉብታው ላይ እስኪወጣ ድረስ፣ ይህን የምሥራች ከእሷ በቀር የሚሸከመው የለም።

ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች። መጠበቅን ፈርታው ኖራ ነበር። አሁን ግን ገና ረፋድ መሆኑ፣ ቀኑም ረዥም መሆኑ ደስ አላት።